ምኑ ይቅር?

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ባልራቀ ጊዜ፣ ስንሻው የሚባል የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። አስተማሪው ስለ ጥንት ግሪኮች ሲያስተምሩ፣ ሶቅራጥስ የሚባል ሽማግሌ ገበያ መሃል እየቆመ፣ ሰው ሁሉ በየቀኑ የሚናገረውን ቃል ትርጉም ይጠይቅ እንደነበር ሰማ። ልቡ ተሰረቀ። ለዕረፍት አገሩ ሲገባ እናቱን ሳይቀር «ደህና ማለት ምን ማለት ነው?» እያለ ሰላምታ አስጠላት።

አባቱ ጋሻውና አጎቱ ቢያድግልኝ ከተኳረፉ ቆይተዋል። ጋሻው የውርስ መሬቱን በፍርድ ቤት የተነጠቀው ወንድሙ መስክሮበት ነው። በዚያ ሰሞን ሽማግሌዎች በስንት ልመና ሁለቱን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር አስቀመጧቸው።

የሽማግሌዎቹ አውራ አባ ቸኮል፣ «ጋሻው፣ ስለ እግዚአብሔር ብለህ ይቅር በለው» አሉ።

ጋሻው አንገቱን ደፍቶ አፉን ሊከፍት ሲል ከጎኑ የተቀመጠው ስንሻው ቀደመው። «አባ፣ ይቅር ስንል ምኑ ነው የሚቀረው? ቂሙ ነው ወይስ እውነቱ?»

አባ ቸኮል ዝም ሊያሰኙት ይችሉ ነበር። ግን ጥያቄው ጣፈጣቸውና ፈገግ አሉ።

ጋሻው ቀና አለ። «ልጄ ደግ ጠየቀ። ቂሙ ይቅር፤ እውነቱን ግን ንገረኝ። የመሰከርክብኝን በዓይንህ አይተሃል?»

«አላየሁም» አለ ቢያድግልኝ። «ሰው ያለኝን ነው የተናገርኩ።»

ጋሻው ጋቢውን አራግፎ ተነሣ፤ ማንም አልመለሰው። ክረምቱ ሳይወጣ ቢያድግልኝ ታመመ። «ወንድሜን ጥሩልኝ» ቢል፣ ጋሻው ነገ እሄዳለሁ ሲል ሞት ቀደመው። ስንሻው ቀብሩ ላይ «ምነው ያን ቀን አፌ ተይዞ በቀረ» እያለ አለቀሰ።

በዚያ አገር የበደለ ሰው ይቅርታ ሊለምን ድንጋይ ተሸክሞ ከበደለው ሰው ደጅ ይወድቃል፤ ይቅር ሲባል ድንጋዩ ይወርድለታል። ከአርባው በኋላ፣ ሳይነጋገሩ፣ ስንሻው፣ አባቱና አባ ቸኮል ሦስቱም ድንጋይ ተሸክመው የሟች ሚስት እናኑ ደጅ ላይ ተገናኙ።

«እትዬ፣ የጠየቅኩ እኔ ነኝ» አለ ስንሻው።

«የልጁን አፍ መዝጋት የነበረብኝ እኔ ነኝ» አሉ አባ ቸኮል።

«እውነቱን ለምኜ፣ ሲነግረኝ ጥዬው የሄድኩ እኔ ነኝ» አለ ጋሻው።

እናኑ ከበሩ አልወጣችም። «ይቅርታዬ ለአንዳችሁ ይሆናል፤ ለሦስታችሁም የሚበቃ ልብ ግን የለኝም። ተነጋገሩና አንዳችሁ ግቡ» አለች።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ እዚያ ደጅ ላይ ብትኖሩ የማንን ድንጋይ ታወርዱ ነበር?