ለደረሱ ዶሮዎች ብቻ

ተረት ልበላችሁ፣ ጆሮ አውሱኝ። አፍሬ እስከ ዛሬ ለማንም ያልነገርኩት ነው።

ጫጩት ሳለሁ የምንኖረው ከመጽሐፍ እያየች ወጥ በምትሠራ ሙሽራ ጓሮ ነበር። ፊደል የቆጠርኩትም በዚያው መጽሐፍ ነው። እናቴ ግን አንዱን ገጽ በክንፏ ሸፈነችብኝ።

«ይሄ ለደረሱ ዶሮዎች ነው፣ ልጄ።»

«አንቺስ አንብበሽዋል፣ እማዬ?»

«እኔም ገና ነገ ለፋሲካ ነው የምደርሰው። አያትሽ የደረሰች ዕለት ሊያነቡላት ማድቤት አስገቧት፤ ጥሟት ነው መሰለኝ አልተመለሰችም።»

እናቴ ስታንቀላፋ ገጹን ሰርቄ አነበብኩት። «አንዲት የደረሰች ዶሮ፣ ዐሥራ ሁለት ብልት» ይልና ወደ ሽንኩርቱ ያልፋል።

አነበብኩት ብዬ እንዴት ልንገራት? በማግስቱ ጠዋት፣ ሙሽራዋ ሳትነሳ፣ ገጹን ቦጫጭቄ ዋጥኩት። ያን ፋሲካ ቤተሰቡ ሽሮ በላ።