ማግኔቱ ያስነሣው እግር

አንድ ማለዳ ፕሮፌሰር ሸዋንግዛው ተማሪዎቻቸውን አስከትለው ምርመራ ክፍል ሲገቡ ሰላምታ የሚባል ነገር ከአፋቸው አልወጣም። እዚያ የነበረው ሁሉ "ኖር" እያለ ብድግ ሲል፣ አንዲት ምላሰኛ የጽዳት ሠራተኛ ግን ከወንበሯ ንቅንቅ አላለችም።

ነገሩ ፕሮፌሰሩን ከነከናቸው። ለአንጎል ምርመራ የሚጠቀሙበትን በመብራት የሚሠራ ማግኔት አነሡና እንዲህ አሏት፦ "ይህ ማግኔት አንጎልን ሲነካ የጤነኛ ሰው አካል ሳይወድ ይንቀሳቀሳል። እግርሽ ከተነሣ፣ ከነገ ጀምሮ በገባሁ ቁጥር ትነሺልኛለሽ። እሺ?"

"ይሞክሩታ" አለችና ሻሿን ፈታች።

ማግኔቱ አናቷ ላይ ቀጭ ሲል እግሯ ብድግ አለ። ተማሪዎቹ ሳቁ።

"አየሽ፣ ተነሣሽልኝ" አሉ ፕሮፌሰሩ ደረታቸውን ነፍተው።

"እግሬስ ለማግኔቱ ተነሥቷል" አለች ሻሿን መልሳ እያሰረች። "እኔን ለማስነሣት ግን ይህን ሁሉ መብራት ምን አስፈጀዎት፣ ጌታዬ? 'እንደምን አደራችሁ' ቢሉን ይበቃ ነበር።"