አህያዋ የመረጠችው ፒካፕ

ተረት ልጫንባችሁ?

«ጫንብን» በሉ እንጂ፤ አፍ የላችሁም እንዴ? ደግሜ እጠይቃለሁ፤ ተረት ልጫንባችሁ? እህ፣ እንደዚያ ነው። አንተ ስልክህን ኪስህ ክተት። አንቺም ጠጋ በይ፤ በኋላ አልሰማሁም ብለሽ ከመሐል እንዳታስጀምሪኝ። እኔም እስኪ ልመቻች። ይሄ ሶፋችሁ ደግሞ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ይሁን፣ ልጀምር።

ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ ግን ያን ያህል ድሮ አይደለም፤ አህያ የምታወራበት፣ መኪና የሚመልስላት፣ ሰውም ቁጭ ብሎ ሁለቱን የሚሰማበት ዘመን ነው። ያኔ በአንድ ቆላ አገር ጋሽ አጥናፉ የሚባል ሽንኩርት አምራች ነበረ። ሚስቱ እትዬ ደብሪቱ ትባላለች። አንዲት አህያም ነበረቻቸው።

ሽንኩርቱን ከማሳው እስከ አስፋልቱ የምታደርሰው ይህችው አህያ ናት። መንገዱ አቧራ ነው፣ ዳገት ነው፣ ፀሐይ ነው። ጆንያው ጀርባዋን ይልጠዋል፤ ቁስሉ ሻረ ሲባል ሌላ ጆንያ ይመጣል፤ እንደገና ይልጠዋል። አርጅታለች ምስኪን። ጉልበቷ ዳገቱ መሐል ላይ ይንቀጠቀጥ ጀምሯል።

አንድ ዓመት ሽንኩርት ተወደደና ጋሽ አጥናፉ እጁ ሞቀ። እጁ ሲሞቅ ደረቱም ነፋ አለ። አህያዋ ዘንድ ሄዶ፣

«ፒካፕ ልገዛ ነው» አላት። «ፒካፑ በዚህ በር የገባ ቀን ጭነት ከጀርባሽ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ሥራሽ መብላትና ዝንብ ማባረር ነው።»

«በልጆችህ ትምላለህ?» አለችው።

«በልጆቼ» አላት።

አህያዋ ያን ቀን ጆሮዋን አቁማ ዋለች። ከደስታዋ ብዛት ድርቆሽ እንኳ ረሳች።

ጋሽ አጥናፉ ደላላ አስጠራ። የዚያ አገር ደላላ አውራ ዶሮ ነው። ከሻጭ ይበላል፣ ከገዢ ይበላል፤ መሐል ላይ የወደቀ ጥሬ ካገኘም ለቀም ያደርጋል። አውራ ዶሮው ሦስት ፒካፖች እየመራ መጣ። ሦስቱም ትልልቅ ናቸው፤ በበሩ ሲገቡ አጥሩ ተጨነቀ። አንደኛው ጉልቤ ይባላል፣ ሁለተኛው ቆጥቤ ይባላል፣ ሦስተኛው ቅምጥል ይባላል።

ጋሽ አጥናፉ ዙሪያቸውን ዞረ። ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገ። መኪና የማያውቅ ሰው ሁሉ ጎማ ይመታል፤ ምን እንደሚሰማበት እንጃ። ከዚያ፣

«እኔ አልገባኝም» አለ። «ሥራዋን የምታስረክበው አህያዋ ናት። እሷ ትምረጥ።»

«ልጃችንን ስትድር እኔን እንኳ አላማከርክም» አለች እትዬ ደብሪቱ።

አህያዋ መጀመሪያ ወደ ጉልቤ ሄደች።

«አንተ ምን ትችላለህ?»

«እኔ?» አለ ጉልቤ። «የእኔ ሞተር ሲነሳ ዳገቱ ራሱ ጎንበስ ይላል። ጫኑብኝና እዩ።»

ጫኑበት። እሷ ስንት ቀን የምትመላለስበትን ሽንኩርት በአንዴ ተሸክሞ፣ እያጓራ፣ ዳገቱን ወጥቶ ተመለሰ። ዶሮዎቹ በድምፁ እንቁላል መጣል ለአንድ ሳምንት አቆሙ። አህያዋ አፏን ከፍታ ቀረች። ጉልቤ ግን ገና ከመቆሙ፣

«ነዳጅ» አለ።

«አሁን ጠጥተህ አልነበረም?»

«እሱማ ለመነሻ ነው። እኔ ስጠጣ ቆጥሬ አይደለም።»

አህያዋ አንገቷን ደፍታ አሰበች። «ማደያው ላይ ሰልፍ ያለ ቀን፣ ነዳጅ የለም የተባለ ቀን፣ ጋሽ አጥናፉ ወደ ማን ይመለሳል? ወደ እኔ። ይሄ አይሆንም።»

ወደ ቆጥቤ ሄደች።

«አንተስ ምን ትችላለህ?»

«እኔ አላስቸግርም» አለ ቆጥቤ። «ሲገዙኝ ርካሽ ነኝ። ነዳጅ አሸትቼ እሄዳለሁ። መለዋወጫዬ ከየሱቁ እንደ ክብሪት ይገዛል። ሲሸጡኝ ደግሞ ዋጋ አልጥልም።»

«ወንበርህስ?»

እትዬ ደብሪቱ ገባችና ለሙከራ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደርሳ መጣች። ስትወርድ ወገቧን ይዛ ነበር። «ድንጋይ ላይ መቀመጥ ይሻላል» አለች። «ድንጋይ ቢያንስ አይዘልም።»

«ወገብ ይለመዳል» አለ ቆጥቤ። «ዋናው ሲሸጡኝ አልጥልም።»

«ገና ሳትገዛ መሸጥህን ታወራለህ?» አለችው አህያዋ።

«መኪና የሚገዛው ሊሸጥ ነዋ» አለ፤ ነገሩ ያልገባት መስሎት አዘነላት።

አህያዋ እንደገና አሰበች። «ጥሩ ዋጋ ያገኘ ቀን ይሸጠዋል። የሸጠው ቀንስ ወደ ማን ይመለሳል? ወደ እኔ። ይሄም አይሆንም።»

ወደ ቅምጥል ሄደች።

«አንተስ?»

ቅምጥል አልመለሰላትም። በሩን ቀስ ብሎ ከፈተና ጋሽ አጥናፉን አስገባው። ወንበሩ ወገቡን ደገፈው። ከታች ቀዝቃዛ አየር ነፋለት። ፊት ለፊቱ እንደ ቴሌቪዥን ያለ ነገር በራ። ውጭው እሳት ነው፤ ውስጡ ጥቅምት ነው። ጋሽ አጥናፉ ዓይኑን ጨፈነ።

«ውረድ እንጂ» አለች እትዬ ደብሪቱ።

«ቆይ።»

«ሰው ያያል፣ ውረድ።»

«ቆይ አልኩሽ እኮ።»

«አጥናፉ፣ ውረድ።»

«ደብሪቱ፣ እኔ እዚህ ብሞትም ግድ የለኝም» አላት።

አህያዋ ወደ ቅምጥል ጆሮ ጠጋ ብላ፣ «መጫንስ ትችላለህ?» ስትል ጠየቀችው።

«ጉልቤ የሚችለውን እችላለሁ» አለ። «እኔ ግን አልጮህም።»

«ኋላህን ለማየትስ? አንገት የለህም።»

«ካሜራ አለኝ።»

አህያዋ ልቧ ሞላ። «ከዚህ መውረድ ያቃተው ሰው ሽንኩርቱን በየቀኑ ራሱ ያመላልሳል። ከእንግዲህ እኔን ምን ያደርገኛል?» አለችና፣ «ቅምጥል ይሁን» ብላ ፈረደች።

ከሦስቱ ውዱ ቅምጥል ነበር። አውራ ዶሮው ኮሚሽኑን አስቦ ሳይነጋ የሚጮኸውን በጠራራ ፀሐይ ጮኸው። እትዬ ደብሪቱ ግን፣ «አዲስ መኪና ደም ሳይፈስለት ከደጅ አይወጣም፤ እስኪ አንድ አውራ ዶሮ ፈልጉልኝ» አለች። ደላላው ኮሚሽኑን ትቶ በአጥሩ ላይ በረረ።

በማግስቱ አህያዋ ጠዋት ተነስታ ጭድ ላይ እንደ እመቤት ተጋደመች። ጋሽ አጥናፉ ጆንያ ይዞ መጣ። ጆንያውን ጀርባዋ ላይ ጫነው።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ፒካፑ ገብቷል እኮ።»

«ገብቷል።»

«ታዲያ ጭነቱ?»

«አዲስ ነው እኮ» አላት። «ሽንኩርት ደግሞ ይሸታል። ትንሽ አዲስነቱ ይውጣለት።»

የወንበሩ ላስቲክ አልተላጠም። ኋላው ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል፤ የአልጋው ብርድ ልብስ፣ የራሳቸው። እነሱ በነጠላ ይተኛሉ። በዚያ ላይ ቅምጥል በየቀኑ ይታጠባል። ውሃውን ከወንዝ የሚያመጣው ማን ይመስላችኋል? አዎ፣ እሷው ናት። ጠዋት ሽንኩርት፣ ከሰዓት ውሃ። ፒካፕ ከመጣ ወዲህ ሥራዋ እጥፍ ሆነ።

ትንሽ ቆይቶ የጋሽ አጥናፉ የእህት ልጅ ሰርግ ደረሰ። ቅምጥል ሪባን ታስሮለት ከሙሽሮቹ መኪና ፊት ፊት ሄደ፤ ቪዲዮ ቀራጩ ኋላው ላይ ቆሞ እንዲቀርጽ ማለት ነው። ጋሽ አጥናፉ ቪዲዮ ቀራጩን ጫማ አስወለቀው። ሰውዬው ያን ሁሉ መንገድ በካልሲ ቆሞ ቀረጸ። ቪዲዮውን ያዩ ሁሉ ሙሽራዋ ለምን እንደምትንቀጠቀጥ ይጠያየቃሉ፤ የሚንሸራተተው ቀራጩ ነው።

ከሰርጉ ማግስት አህያዋ እንደገና ጠየቀች። «ጋሽ አጥናፉ፣ አሁንስ?»

«ትናንት ሙሽራ ያጀበ መኪና ዛሬ ሽንኩርት ይጫንበታል? ሰው ምን ይላል? ትንሽ አዲስነቱ ይውጣለት።»

ደግሞ እትዬ ደብሪቱ እህል ልታስፈጭ ተነሳች። «አጥናፉ፣ ወፍጮ ቤት አድርሰኝ» አለችው።

«ዱቄት ይበናል» አላት።

«መስኮቱን ዝጋዋ።»

«ትንሽ አዲስነቱ ይውጣለት፣ ደብሪቱ።»

እትዬ ደብሪቱ እህሉን አህያዋ ላይ ጭና በእግሯ ሄደች። እየሄደች የተናገረችውን እዚህ አልደግመውም፤ ልጆች አሉ። አህያዋ ግን አዘነች፤ በእውነት አዘነች። የፈረደችው ራሷ ናት፣ የመረጠችው ራሷ ናት። ጉልበቷ ዳገቱ መሐል ከዳትና ተንበረከከች። እትዬ ደብሪቱ ጭነቱን ካወረደችላት በኋላ ነው የተነሳችው።

ቀትር ላይ ውሃ አድርሳ ስትመለስ ከቅምጥል አጠገብ ቆመች።

«አንተ ደልቶሃል» አለችው።

«ምን ደላኝ?» አለ ቅምጥል ከብርድ ልብሱ ሥር። «ስገዛ ሥራ አገኘሁ ብዬ ነበር። ያን ሁሉ ጉልበት ይዤ እስካሁን የጫንኩት አንድ ቪዲዮ ቀራጭ ነው፤ እሱንም በካልሲ። ጉልቤ ባለፈው ሲሚንቶ ጭኖ በደጅ ሲያልፍ አይቶኝ ሳቀ። አፈርኩ።»

«አዲስነትህ ሲወጣ ይጭንብሃል ተብሏል።»

«በየቀኑ እየታጠብኩ እንዴት አድርጎ ይወጣል?»

አህያዋ ጀርባዋን አዞረችለት።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አለ፤ በካሜራው እያያት።

«ላወጣልህ ነው። ያምሃል?»

«እንጃ፤ ተመትቼ አላውቅም» አለ ቅምጥል። «ግን ኢንሹራንስ አለኝ። ነይ ምቺ።»

አህያዋ የዕድሜዋን ሁሉ ጆንያ አስታወሰችና በሁለት እግሯ አሳረፈችበት። የጎኑ ቆርቆሮ እንደ ሰሐን ጎደጎደ። ቀለሙ ተላጠ። ቅምጥል በማንቂያ ደወሉ ሰፈሩን አናጋው።

ጋሽ አጥናፉ ሮጦ ወጣ። አየ። ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነና መሬት ቁጭ አለ። ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዱ «ዋናው ሞተሩ መትረፉ ነው» አለው። ሌላው «ብቻ ጤና ስጠኝ በል» አለው። አንድ ሽማግሌማ የሰው ለቅሶ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ነው የመጡት። ነገሩን ሲሰሙ ግን አልሄዱም፤ ቁጭ አሉ።

ጋሽ አጥናፉ ዱላ አንስቶ ወደ አህያዋ ዞረ። «አንቺን ነገ ገበያ አውጥቼ ካልሸጥኩ» አለ። አህያዋ ወደ አጥሩ አፈገፈገች። በዚህ ጀርባዋ ማን እንደሚገዛት ታውቃለች፤ ጡብ ተሸካሚ ነው የሚገዛት።

እትዬ ደብሪቱ መሐል ገባች። «ሽጣት» አለችው። «ሽጣትና ሽንኩርቱን በምን እንደምታወጣ ንገረኝ። በፒካፑ እንዳትለኝ ብቻ፤ አዲስ ነው።»

«ከእንግዲህማ ምን አዲስነት አለው?» አለ ጋሽ አጥናፉ።

«የለውም?»

«አታዪውም እንዴ? ወጣ እኮ።»

«እንግዲያው ጫንበት» አለች።

ጋሽ አጥናፉ የጎደጎደውን ቆርቆሮ አየ፣ አህያዋን አየ፣ ሚስቱን አየ። ዱላውን ጣለ። እትዬ ደብሪቱ ብርድ ልብሷን ከፒካፑ ላይ አንስታ አራገፈችና ወደ ቤት አስገባች። ከዚያ ቢላዋ ይዛ ተመለሰችና የወንበሩን ላስቲክ ቀዳ ጣለችው፤ መጀመሪያም እሷ ተቀመጠችበት። በማግስቱ ሽንኩርቱ ተጫነ። ቅምጥል ሳይጮህ ዳገቱን ወጣ፤ ጋሽ አጥናፉም ያ ቀዝቃዛ አየር ሲነፋበት ሐዘኑን ረሳ። የአህያዋ ጀርባ ሻረ፤ የላጠውም የለም።

አውራ ዶሮው እትዬ ደብሪቱ አለመኖሯን አረጋግጦ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ብቅ አለ። አህያዋ ጥላ ሥር ተጋድማ ዝንብ ታባርራለች።

«አዲስ ገዢ አግኝቻለሁ» አላት። «ከሦስቱ የትኛው ይሻላል እያለ ያደርቀኛል። አንቺ አዋቂ ነሽ፤ ምን ልበለው?»

«ዳገት ካለበት ጉልቤን ይግዛ» አለች። «ኪሱ ከሳሳ ቆጥቤን፣ ወገቡን ካመመው ቅምጥልን።»

«ሦስቱንም አመሰገንሽ እኮ። አንዱን ንገሪኝ።»

«የተጫረውን» አለችው።

እንግዲህ ይኸው ነው። ዕቃ ስትገዙ ጉልበቱንም፣ ምቾቱንም፣ ዋጋውንም ጠይቁ። ጠይቃችሁ ስትጨርሱ ግን ወደ ራሳችሁ ዞራችሁ፣ ልሠራበት ነው ወይስ ልሠራለት ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ተረቴን ከጀርባዬ አወረድኩ፤ አሁን የተሸከማችሁት እናንተ ናችሁ። አንተ ስልክህን መልሰህ ማውጣት ትችላለህ። አንቺ ግን ተነሺና ቢላዋ አምጪልኝ። ይህ ሶፋ ከተገዛ ሦስት ፋሲካ አልፎታል፤ ላስቲኩ ሱሪዬ ላይ ተጣብቋል።