የመጨረሻው ረድፍ

የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጁ ዲን ዶክተር ይልቃል ብዙ ዓመት አጥንተው አንድ ነገር ደረሱበት፤ ፈተና የሚወድቁ ልጆች የሚቀመጡት መጨረሻው ረድፍ ላይ ነው። ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ወዲያው የኮሌጁ መለማመጃ በሆነው ትምህርት ቤት ካለ አንድ ክፍል የመጨረሻው ረድፍ እንዲነሣ አዘዙ። የጽዳት ሠራተኛዋም ዴስኮቹን እየጎተተች አወጣች።

በማግስቱ ዲኑ ሲመጡ አሁንም የመጨረሻ ረድፍ አለ። ተቆጥተው እሱንም አስወጡ። እንዲህ እንዲህ እያለ በሳምንቱ አንድ ረድፍ ብቻ ቀረ፤ ሰማንያ ልጅ ተደራርቦበታል። ዲኑ ግን በጣታቸው ወደ ረድፉ ጠቆሙ።

"ይሄም መጨረሻ ነው!" ብለው ጮኹ። "አንቺ ሴትዮ፣ ማሻሻያዬን እያበላሸሽብኝ ነው። እስከ ነገ መጨረሻ የሌለው ክፍል ካላሳየሽኝ ከሥራሽ ተሰናብተሻል!"

ሴትየዋ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና ከሰሌዳው ሥር እንደ ችካል ተተክሎ የቆመውን መምህር አየችው።

"ጌታዬ፣ መምህሩ እስከ ኋላ ድረስ ቢሄድ እኮ ኋላውም ፊት ይሆናል" አለች። "ዴስክ ማንቀሳቀስ የእኔ ሥራ ነው፤ አንቀሳቅሻለሁ። መምህር ማንቀሳቀስ ግን የእርስዎ ነበር።"