የኔታ ቀበሮና ደቀ መዝሙሩ

አንድ ጊዜ አያ ጅቦ ከአንበሳ ጓዳ አንድ የበሬ ታፋ ከነቅልጥሙ ሰረቀ። ጓዳ ስንል እንግዲህ የግራር ጥላ ነው። አንበሳው ጠግቦ እዚያው ሲያንቀላፋ፣ አያ ጅቦ በሆዱ እየተሳበ ደርሶ ታፋውን ነክሶ እብስ አለ። አንበሳው ሲነቃ ግን ጉድ ፈላ። «ታፋዬን ይዞ ያገኘሁትን ቆዳውን ገፍፌ አሰጣዋለሁ!» እያለ ሲያገሳ አገር ምድሩ ተናወጠ።

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ እግሬ አውጪኝ አለ። ታፋውን ግን አልጣለም። አንበሳን ይፈራል፤ ረሃብን ደግሞ ከአንበሳም አብልጦ ይፈራል። ከተወለደ ጀምሮ ሆዱ «በቃኝ» ብሎት አያውቅም። የሚደበቅበት ጠፍቶት ወዲያ ወዲህ ሲል ቀበሮ ደጃፍ ደረሰ።

ቀበሮ ከኩይሳ ሥር በቆፈረው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ታፋውን አየና ምራቁን ዋጠ። ወዲያው ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን እንደ ባሕታዊ ደፋ።

«ምን ሆነሃል?» አለ አያ ጅቦ፣ ታፋውን መሬት አስቀምጦ፣ እግሩን ግን ከላዩ ሳያነሣ።

«ዝም በል! መንገዱን እያሰብኩ ነው።»

«የቱን መንገድ? የገበያውን?»

«የገበያውን ይለኛል እንዴ!» ቀበሮ አንድ ዓይኑን ብቻ ገለጠ። «የሩቅ ምሥራቅ ሊቃውንት ታኦ የሚሉትን ነዋ። ፍጥረት ሁሉ የሚሄድበትን፣ ማንም ያልጠረገውን መንገድ።»

«ይበላል?»

«አይበላም። ያገኘውን ግን ረሃብ አይገዛውም።»

የአያ ጅቦ ጆሮ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ረሃብ? ጨርሶ?»

«ጨርሶ።»

ምስኪኑ ጅብ ከልቡ ነበር የጠየቀው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የኔታ፣ እባክዎ ያስተምሩኝ!» ብሎ በአንዴ ቀበሮን አንቱ አለው።

ቀበሮም ጉሮሮውን ጠረገ። «ትምህርቱ ሦስት ነው። አንደኛ፣ የያዝከውን ልቀቅ። ሁለተኛ፣ ወንዝ ወርደህ ውሃውን ተመልከት፤ እስክትመለስም እህል ሥጋ በአፍህ እንዳይዞር።»

«ሦስተኛውስ?»

«ቶሎ አትመለስ።»

አያ ጅቦ ታፋውን አየ፤ ቀበሮን አየ፤ እንደገና ታፋውን አየ። «መላስስ ይፈቀዳል?»

«አይፈቀድም።»

እግሩን ከታፋው ላይ ቀስ እያለ አነሣ። እያነከሰና እያለቀሰ፣ አሥር ጊዜ ወደ ኋላው እየዞረ ቁልቁል ወረደ። ቀበሮ ሣቁን አፍኖ የጠበቀው ኮረብታው እስኪሰውረው ድረስ ብቻ ነው።

አያ ጅቦ ወንዙ ዳር አፍጥጦ ዋለ። ውሃው እየወረደ ይመጣል፤ ትልቁ ድንጋይ ጋ ሲደርስ ይዞራል። ይህ ነገር አያ ጅቦን አናደደው። «ግፋው እንጂ! ምን ያስፈራሃል?» እያለ ይጮኽበታል። ውሃው ዞሮ አለፈ። በማግስቱም ይጮኻል፤ ውሃውም ዞሮ ያልፋል። በሦስተኛው ቀን ድምፁ ዘግቶ ዝም አለና፣ ድንጋዩ እዚያው እንደ ተገተረ፣ ውሃው ግን ሸለቆውን ጨርሶ ሜዳው ላይ እንደ ደረሰ አስተዋለ።

ከማዶ ሣቅ ተሰማ። እመት አህያ ነበረች። በመካከላቸው ጥልቅ ውሃ ባይኖር ኖሮ፣ አያ ጅቦን ቆማ የምታይ ሴት አይደለችም። ዕድሜዋን ሙሉ የነጋዴ ጨው ስትሸከም ኖራ፣ ስታረጅ ባለቤቷ ሜዳ ላይ የለቀቃት ናት።

«አያ ጅቦ፣ ከውሃ ጋር ነው የተጣላኸው?»

«መንገዱን እየፈለግኩ ነው። እንዳልበላሽ የኔታ ከልክለውኛል፤ ዕድለኛ ነሽ።»

«የኔታህ ይባረኩ! ደግሞ የምን መንገድ ነው?»

«ያገኘውን ረሃብ የማይገዛው።»

አህያዋ ጆሮዋን እያወዛወዘች አሰበች። «እኔ እንኳ አልተማርኩም። ግን ያንኑ አንድ መንገድ ስንት ዓመት ስመላለስበት፣ ከጭነቴ ሥር ሆኜ የማየው የፊተኛዬን አህያ ጭራ ብቻ ነበር። ጨውን አውርደው የለቀቁኝ ቀን ቀና ብል፣ ለካስ ዳር ዳሩ ሣር ነው፣ ምንጭ ነው፣ ጥላ ነው! አሁን ሲጠማኝ እጠጣለሁ፤ ሲደክመኝ አርፋለሁ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

አያ ጅቦ ቅር አለው። ሦስት ቀን ሙሉ የተራበው ይህን ለመስማት ነው? ቢሆንም ጠምቶት ነበርና ጎንበስ ብሎ ጠጣ። እስከዚያ ቀን ውሃ የሚጠጣው ሥጋ ለማወራረድ ብቻ ስለነበር ጣዕሙን አያውቀውም ነበር። ሆዱ ጮኸ። «ጩህ» አለው። ረሃቡ አልጠፋም፤ እሱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አልፈራውም። ደስ አለው፤ በጣም ደስ አለው። የኔታን ሊያመሰግን ተነሣ። እግረ መንገዱን ታፋው እንዴት እንደ ሰነበተ ማየቱም አይቀርም፤ ያው ጅብ አይደል?

የኔታ ግን አልተመቻቸውም። ታፋው በጉድጓዱ በር አልገባ ብሏል፤ ውጭ ጥለውት እንዳይገቡ ጥንብ አንሳ ያንዣብባል። ስለዚህ ሦስት ቀን ሙሉ ከላዩ ተጋድመው፣ አንዴ ጎርሰው ሁለቴ እየተገላመጡ፣ እንቅልፍ አጥተው ዓይናቸው ቀልቷል።

«የኔታ! አገኘሁት!» እያለ አያ ጅቦ ብቅ ሲል፣ በወዲያ በኩል ደግሞ አንበሳው ሽታውን ተከትሎ ከች አለ።

ቀበሮ ታፋውን ነክሶ ወደ ጉድጓዱ ተወረወረ። ቅልጥሙ በሩ ላይ ተጋደመና ቀጥ አደረገው። ወደ ኋላ ብሎ እንደገና ገፋ፤ ጓ! እንደገና ገፋ፤ ጓ!

አያ ጅቦ ደንግጦ ጮኸ፦ «የኔታ፣ የያዙትን ይልቀቁ! የመጀመሪያው ትምህርት ነው እኮ!»

ቀበሮ ጥርሱን ይብስ አጠበቀ።

«ራስዎ ያስተማሩኝን! ኧረ ይልቀቁት፣ ያልቅልዎታል!»

አንበሳው ዘሎ ጭራውን ያዘ። ቀበሮ ታፋውን የለቀቀው ጭራው ከሥሩ ከተበጠሰ በኋላ ነው። እየጮኸ ጉድጓዱ ውስጥ ተወተፈ። አንበሳው ጭራውን እንትፍ አለና ወደ አያ ጅቦ ዞረ።

«አንተስ? ምን ይዘሃል?»

አያ ጅቦ አፉን በሰፊው ከፈተ። «ምንም አልያዝኩም፣ ጌታዬ።»

አንበሳው አሸተተው። ከወንዝ ውሃ በቀር ምንም አይሸትም። ታፋውን አንሥቶ እያጉረመረመ ሄደ።

አያ ጅቦ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከ። «የኔታ፣ አሉ?»

«ጭራዬን! ወይኔ ጭራዬን!»

«እሱንም ለቀቁት? ጎበዝ! የእርስዎ ትምህርት ነፍሴን አተረፋት፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲህ ሁለተኛው ወንዝ መውረድ ነው። እመት አህያን ካገኟት ሰላም ይበሉልኝ።»

ከውስጥ ጥርስ ሲፋጭ ተሰማ። አያ ጅቦ ሊሄድ ብድግ ካለ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለውና ተመልሶ ጎንበስ አለ።

«ሦስተኛውን እንዳይረሱ፣ የኔታ፤ ቶሎ አይመለሱ።»

ይህን ብሎ ታፋው የነበረበትን መሬት፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ አንዴ ብቻ ላሰና መንገዱን ቀጠለ።

ከዚህ የምንማረው እውነተኛውን መንገድ አጭበርባሪ እንኳ ሊጠቁመን እንደሚችል፣ የሚደርስበት ግን ቃሉን በአፉ የያዘው ሳይሆን የያዘውን ለቆ የሄደበት መሆኑን ነው።