ጨው የላሰችው ዝሆን

ተረቴ መጣች፤ ጆሮ ያለው በሩን ይክፈትላት።

ከባሕር ማዶ በጀልባ የመጣ አንድ ድመት በሰፊ አገር ላይ ነገሠ። የአገሩ ዝሆኖችና ጎሾች ብዙ ነበሩ፤ እሱ ግን ብቻውን ነበር። ስለዚህ ጎሾቹን ዘብ አደረጋቸውና፣ "ዝሆኖቹ ሊረግጧችሁ ነው፤ እኔ ባልኖር አለቀላችሁ" አላቸው። ቀጥሎ የባሕሩን ዳር በአጥር ከለለና፣ "ዘብም ቢሆን ያለ ፈቃዴ ጨው የላሰ ወዮለት!" ብሎ አወጀ።

ከዕለታት አንድ ቀን ጨው ያማራት አንዲት አሮጊት ዝሆን ቀስ ብላ ሄደች፤ አጥሩን ገፋ አድርጋ ገባችና ላሰች።

"አንቺ! ማን ፈቀደልሽ?" ብሎ ጮኸ ድመቱ።

"ልጄ፣ ባሕሩ እኮ አንተ ሳትመጣም ጨው ነበረው" አለችው።

"ዘብ! ያዛት!"

የዘቦቹ አለቃ ጎሽ እየሮጠ ደረሰ። ዝሆኗ አልሸሸችም፤ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። እሱም ጨው ከቀመሰ ቆይቷል። አጎንብሶ ላሰ። ጓደኞቹም ተከተሉት።

"ያዟት እኮ ነው ያልኩት!"

ጎሹ ቀና ሳይል፣ "ጌታዬ፣ ትንሽ ይታገሡኝ፤ አፌ ሙሉ ነው" አለ።

ድመቱ ዙሪያውን ቢያይ ሌላ የሚያዘው አጣ። ያን ጊዜ ጀልባውን የት እንዳሰረው ለማስታወስ ሞከረ።

ተረቴ ሄደች፤ በሩን ግን እንዳትዘጉት።