ቲክ የሚለው በር

አቶ ይርዳው የሚባሉ ሹም ከኋለኛው በር በቀር ከመኪናቸው በሌላ በር ወርደው አያውቁም። አንድ ቀን ይኸው በኤሌክትሪክ የሚከፈት በር ቢሯቸው ደጃፍ ላይ ሲደርሱ እምቢ አለ። ሾፌሩ «ጌታዬ፣ በእኔ በኩል ይውረዱ» ቢላቸው፣ «ደግሞ ብለህ ብለህ በሾፌር በር ልታወርደኝ!» ብለው ጮኹበት። ዘበኛው ጃንጥላ ዘርግቶ ይጠብቃል።

የመኪና ኤሌክትሪሺያን ተጠራ። ይህ ሰው ለጋራዡ ፈቃድ ብሎ እኚሁ ሹም ቢሮ ሲመላለስ ጫማው አልቋል፤ ከውስጥ ሲያስሉ ይሰማል እንጂ አንድም ቀን አግኝቷቸው አያውቅም። መሞከሪያ አምፖሉን አውጥቶ ፊውዙን አየ፣ ሽቦውን አየ፤ ሁሉም ደህና ነው። መክፈቻውን ሲጫነው ግን በሩ ከውስጥ «ቲክ» ይላል እንጂ ንቅንቅ አይልም።

ሹሙ ትንሽ ዝቅ ባለው መስታወት በኩል፣ «ብትሰብረው ትታሰራለህ፣ አሁኑኑ ካልከፈትከው ጋራዥህ ይታሸጋል! ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው?» ብለው አምባረቁ።

ሰውዬው ዕቃውን እየሰበሰበ፣ «ክቡርነትዎ፣ በሩ ጤነኛ ነው። ድምፁ ከውስጥ ይሰማል፣ ቢጠሩት ግን አይከፍትም። ይሄን ነገር እርስዎ ቢሮ ለምጄዋለሁ» አላቸውና ጨመረ፦ «ስብሰባ ላይ ነው፤ ነገ ብቅ ይበሉ።»